የወሊድ ፈቃድ ምትክ ውልና የደመወዝ ግብር ስሌት (ባሕር ዳር)

የሽምብጧ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሽምብጥ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። አንዲት አስተናጋጃችን ታኅሣሥ 25 ገደማ ትወልዳለች። ጥምቀት ላይ እንግዳ ስለሚበዛ ምትክ መቅጠር ግድ ነው። የምትኳን ውል «ለ4 ወር» ብዬ ብጽፈው ይበቃል? ሌላው፣ የአስተናጋጇ ደመወዝ 6,500 ብር ነው፤ ሒሳብ ያዡ 1,060 ብር ግብር ይቆርጣል። ትክክል ነው?

የሥራ ሕግ፦
እኅቴ፣ «4 ወር» ብለሽ አትጻፊ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ደመወዙም ሙሉ ነው። ተከታታይ ስለሆነ እሑዱም በዓሉም ይቆጠራል። ግን ልጅ በተባለበት ቀን ላይወለድ ይችላል። ቀድማ ከወለደች የቀረው የቅድመ ወሊድ ቀን ይቀርና 90ው ቀን ይጀምራል፤ 30ው ቀን አልቆ ካልወለደች ደግሞ እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ አላት። ታኅሣሥ 25 ብትወልድ 90ው ቀን መጋቢት 24 ያልቃል፤ ታኅሣሥ 5 ብትወልድ ግን መጋቢት 4።

ስለዚህ ውሉ ላይ «እገሊት ከወሊድ ፈቃድ እስክትመለስ» ብለሽ ምክንያቱን አስፍሪ። አንቀጽ 10 በፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ ለመተካት የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ ወይም አስተናጋጇ ተመልሳም ምትኳ ሥራ ላይ ከቆየች፣ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሬያለሁ ብላ ብትከስ ለመከራከር ይከብድሻል።

አሠሪዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ሌላም አለ። ፈቃዱ 90 ቀን ቢሆንም ከሥራ ያለመሰናበት ጥበቃው ከወለደች በኋላ 4 ወር ነው። በተመለሰች በሳምንቱ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ ማሰናበት አይቻልም። አሁንም እርጉዝ እስከሆነች ድረስ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ፈረቃ አትመድቢያት፤ የትርፍ ሰዓትም አታሠሪያት።

ደመወዝ ሠሪ፦
1,060 የድሮው ሠንጠረዥ ነው፤ 6,500 በ25% ተባዝቶ 565 ሲቀነስ የሚመጣ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ወዲህ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ4,001 እስከ 7,000 ላለው ደግሞ 20% ሆኖ ተቀናሹ 500 ነው። 6,500 በ20% ሲባዛ 1,300፤ ከዚያ ላይ 500 ሲቀነስ 800 ብር። በየወሩ 260 ብር ያለአግባብ እየተቆረጠባት ነውና ያለፉትን ወራት ፔይሮል አስተካክሉላት፤ አራስ ለምትሆን እናት ትልቅ ገንዘብ ነው።

ጡረታው ከእሷ 7% (455 ብር)፣ ከድርጅቱ 11% (715 ብር) ነው። አንዳንድ ሒሳብ ያዦች መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሰው በቀረው ላይ ግብር ያሰላሉ፤ ስሕተት ነው፤ ግብሩ በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ነው የሚሰላው። እጇ የሚገባው 5,245 ብር ይሆናል። በፈቃዷ ወራትም ስሌቱ ያው ነው።

የሽምብጧ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባሏም እዚሁ ወጥ ቤት ነው የሚሠራው፤ እሱስ?

የሥራ ሕግ፦
3 ተከታታይ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ከዓመት ፈቃዱ ላይ አትቀንሺበት፤ ለብቻው የተሰጠ መብት ነው።