ከስትሮክ በኋላ ሰውነት የራሱን አንጎል ሲያጠቃ፦ ዴክሳሜታዞን ያዋጣል?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ደም ባለመድረሱ በሚመጣ ስትሮክ፣ በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ ይላላል፤ ከዚያ ቲ ሴል የተባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል ወደ አንጎል ይገባል። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ውስጥ ሊምፎሳይት (ቲ ሴልም የሚመደብበት የነጭ ደም ሴል ዓይነት) የሚወርደው ለምንድን ነው? ጥቃቱን ለመግታትስ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ዴክሳሜታዞን ብናዝ?

ኢሚዩኖሎጂ
ዶክተር፣ ዴክሳሜታዞኑን ተወው። በዚህ ዓይነቱ ስትሮክ ጥቅሙ አልታየም፤ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር እንዳይወጡ የሚያግደው ኤንሊሞማብ እንኳ በ2001 በታተመው ሙከራ ሕሙማኑን ጎድቷል።

ሊምፎሳይት የሚወርደው የሲምፓቴቲክ ነርቭና የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲዞል ስለሚያይሉ ነው፤ የሳንባ ምች በሩን የሚያገኘው ያኔ ነው። በዚያው ሰሞን ከሞቱት ሕዋሳት የወጣው፣ የነርቭ ሽፋን ክፍል የሆነው ማይሊን ቤሲክ ፕሮቲን አንገት ላይ ካሉት ንፍፊቶች ይደርሳል። መድረሱ ብቻ ጠላትነት አይፈጥርም። ዋናው ጉዳይ በዚያ ሰዓት ሰውነት በኢንፌክሽን ተቆጥቷል ወይ የሚለው ነው። የተመራማሪዋ የካይራ ቤከር ቡድን ስትሮክ ለደረሰባቸው አይጦች ከባክቴሪያ ግድግዳ የተወሰደ ኤልፒኤስ ሲሰጥ፣ በማይሊኑ ላይ ቲኤች1 የተባለው የቲ ሴል የማጥቃት ምላሽ ተነሥቶ አይጦቹ ባሰባቸው። በሰውም ላይ ይኸው ምላሽ የሳንባ ምች በያዛቸው ላይ በዝቶ ታይቷል፤ በ90ኛው ቀን የተገኘባቸውም ማገገማቸው ደከም ያለ ነበር። በተቃራኒው፣ ፕሮቲኑን አስቀድመው በአፍ እየወሰዱ የተላመዱ አይጦች የአንጎል ጉዳታቸው አነስተኛ እንደሆነ በ1997 ታትሟል።

ሬዚደንቱ
እንግዲያው ኢንፌክሽኑን ለመከላከል ለሁሉም አንቲባዮቲኩን ሴፍትሪያክሶን አስቀድመን እንጀምር?

ኢሚዩኖሎጂ
አይሆንም። በ2015 የወጣው ፓስ የተባለው ሙከራ ይህንኑ መድኃኒት በቀን 2 ግራም ለ4 ቀን ሰጥቶ ነበር፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቀነሰ፣ የሳንባ ምች ግን አልቀነሰም፣ ማገገሙም አልተሻሻለም።

የስትሮክ ነርስ
ሥራው ያለው አልጋው አጠገብ ነው። መዋጡ ሳይፈተሽ ውኃም፣ አጥሚትም፣ ክኒንም በአፍ አይሰጥ፤ አስታማሚው ገና ሲገባ ይነገረው፣ በፍቅር የሚያጎርሱት ነውና ሳንባ የሚገባው። በሽተኛው የነቃ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ 90 ሚሊ ሊትር ውኃ ሳያቋርጥ ይጠጣ። ትን ካለው፣ ካሳለ ወይም ድምፁ ከረጠበ አቁሙና በአፍንጫ ቱቦ መግቡ፤ ቱቦ ያለውም ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል። ሳል ሳይኖር ወደ ሳንባ የሚገባም አለና ፈተናውን ቢያልፍም ትንፋሹን ተከታተሉ።

ሙቀቱ 37.5 ሲደርስ ፓራሲታሞል ስጡ፣ ግን በዚያ አትርኩ፤ የዚያኑ ዕለት ደረቱን አዳምጡ፣ ሽንቱን አስመርምሩ። የሽንት ቱቦ (ካቴተር) የማያስፈልገው ከሆነ አውጡለት።