ጅማ ላይ በትንሽ ብር ደህና ምግብ የት ነው የሚበላው? (አስታማሚ ነን)

የቦንጋዋ
ሰላም ጅማዎች እንዴት ናችሁ። አባቴ ሜዲካል ሴንተር ተኝቶ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተራ በተራ እያስታመምን ነው፣ ዶክተሮቹ ገና ይቆያል ስላሉን መቼ እንደምንወጣ አናውቅም። አልጋ የያዝነው እዛው ሆስፒታሉ አካባቢ ነው፣ ማብሰያ የለንም፣ ስለዚህ ቁርስም ምሳም እራትም ከውጪ ነው። ከመድኃኒትና ከላብራቶሪ የተረፈችው ብር ለምግብ እያለቀች ነው በቃ። በሩ ጋ ያለ አንድ ቤት ገብተን ሁለት ሽሮ አዘዝን፣ ሂሳቡ ሲመጣ ሜኑ ላይ ካየነው በጣም በልጦ መጣ፣ ምንድነው ስንል ቫት ነው ተጨማሪ እንጀራ ነው አሉን፣ ደረሰኝ ስንል ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል። ከዛ ወዲህ ወንድሜ ዳቦ በሻይ ይበቃኛል እያለ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያድር ልጅ በዳቦ እንዴት ይዘልቃል?

እና እስቲ ከተማውን የምታውቁ፣ ርካሽ ግን ንጹህ ቤት በየት በኩል ነው? ረቡዕና አርብ የጾም ቡፌ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ ለእንደኛ አይነቱ ያዋጣል? ለአባቴም በርበሬ የሌለው ለስለስ ያለ ነገር ስጡት ተብለናል፣ እሱን የሚሰራልን የት እናገኛለን?

ኪቶ ልጅ
እህቴ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው የምማረው፣ ኖን ካፌ ነኝ፣ ማለት ከግቢው ካፌ ሳይሆን ውጪ ነው የምበላው፣ ስለዚህ ይሄ ነገር የየቀን ኑሮዬ ነው። በየቀኑ ሜኑ እያያችሁ አትብሉ፣ ኮንትራት ያዙ። ሬስቶራንት ሳይሆን ማዘር ቤት የምንላቸው አሉ፣ ግቢ ውስጥ ወይ መንገድ ዳር አንድ ክፍል ይዘው ሁለት ሶስት አይነት ብቻ የሚሰሩ፣ ብዙዎቹ ታፔላ እንኳን የላቸውም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ተማሪና የቀን ሰራተኛ ሲገባ አይተሽ ነው የምታውቂያቸው። እነሱ ጋ በወር ወይ በሳምንት ተነጋግረሽ ትበያለሽ፣ በነጠላ ከምትከፍይው በደንብ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ማዘር ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ካወቀች ምን ያህል እንጀራ እንደምትጋግር ታውቃለች፣ የሚደፋ ነገር የላትም።

ግን ከመክፈልሽ በፊት ሁሉንም ተነጋገሪ። በቀን ስንት ጊዜ ነው፣ ቁርስ አለው ወይ፣ እንጀራ ሲያልቅ ጭማሪው ነጻ ነው ወይስ ይታሰባል፣ ያልበላሽበት ቀን ይቆረጣል ወይስ ይቃጠላል። እኛ የምንበላበት ቤት ደብተር አለ፣ በሲባጎ ታስሮ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ በላሽ ስምሽ ጎን ጭረት ታደርጊያለሽ፣ ማታ ማዘር ራሷ ትቆጥራለች፣ በዚህ ምክንያት ተጨቃጭቀን አናውቅም። እናንተ መቼ እንደምትወጡ ስለማታውቁ የወር አትክፈሉ፣ የሳምንት በሉ። ደግሞ ሁለታችሁም በአንድ ስም መብላት ትችላላችሁ፣ አንዱ አባትሽ ጋ ሲሆን ሌላው ይበላል፣ ዋናው ጭረቱ ነው። ለማዘር አስታማሚ ነን ብለሽ በግልጽ ንገሪያት፣ እዚህ ከተማ እሱን ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

የመርካቶ ሰው
ኪቶ ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ግን ቦታውንም ልጨምር። ከሆስፒታል በር ራቅ በሉ። በር ላይ ያለ ቤት የሚያየው ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ ሰው ነው፣ ከኢሉባቦር ከቤደሌ ከከፋ ከየቦታው የሚመጣ፣ ተመልሶ ስለማይመጣ ለደንበኛ አይጨነቅም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ግን የሚበላው ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ነው፣ አንድ ቀን ያሳነሰበት ቤት ነገ ባዶውን ይውላል። ቁርስ ላይ የሙስሊም ቤቶቹ ጋ ግቡ፣ ፉል በዳቦ ወይ ጨጨብሳ አንዱ ሰሃን ለሁለት ይበቃል፣ ጠዋት የበላ ሰው እስከ 8 ሰዓት ምሳ አይጠይቅም። አርብ ቀን ብቻ ጁምዓ ሰላት ላይ የሚዘጋ ብዙ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ብሉ።

ባጃጅ ግን አትያዙ፣ በምግቡ ያተረፋችሁትን ባጃጁ ይበላዋል። ለሌላ ጉዳይ ወደ መሃል ስትወጡ ነው የምትበሉት፣ ወይ ደግሞ በእግር፣ ዝናቡ ከፈቀደ።

ሌላው ሐሙስ ነው። የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው፣ ከገጠር በቀጥታ የሚመጣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ሲገኝም ፓፓያ። አቮካዶ በጣት ጫን ስትይው ጠንከር ያለውን ግዢ፣ ለሁለት ለሶስት ቀን አልጋው ስር ካርቶን ውስጥ ይበስላል። ዳቦ በአቮካዶ፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ጠብ አድርገሽበት፣ ለወንድምሽ ከዳቦ በሻይ መቶ እጅ ይሻለዋል፣ ሆድ ይይዛል። ጅማ ሆኖ አቮካዶ ሳይበሉ መራብ ያሳዝናል።

ቀድሞ አስተናጋጅ
የቡፌውን ልመልስልሽ፣ እኔ ቡፌ የሚያወጣ ሆቴል ውስጥ ሰርቻለሁ። ቡፌ በሰው ነው የሚከፈለው፣ ለሁለት አንድ ሰሃን አይፈቀድም፣ ስለዚህ ትንሽ የሚበላ ሰው ሁልጊዜ ለሌላው እየከፈለ ነው። አንቺ ከጭንቀት ብዛት ሁለት ጉርሻ በልተሽ የምትነሺ ከሆነ አያዋጣሽም፣ ወንድምሽ ግን ሌሊት አድሮ ጠዋት ያልበላ ከሆነ አንድ ቀን ቢገባ ይጠቀማል። ከሄደ ምሳው ገና ሲወጣ፣ 6 ሰዓት ላይ ይሂድ። ያኔ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሰሊያው ሁሉም ትኩስና ሙሉ ነው፣ 8 ሰዓት ሲሆን የሚቀረው ጥቅል ጎመንና የደረቀ ሩዝ ነው፣ ዋጋው ግን ያው ነው። አነስ ያሉ ቤቶች ደግሞ ቡፌ ብለው አንዴ ብቻ የሚነሳ አለ፣ ሁለተኛ ስትነሺ ሂሳብ ይመጣል፣ እሱን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ምንም አያሳፍርም።

ለናንተ የሚያዋጣው በያይነቱ ነው። አንድ በያይነቱና አንድ ተጨማሪ እንጀራ ለሁለት ሰው ምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ ሁሉም ቤት ስለሚሰራው ትኩስ ነው። ቫቱን በተመለከተ ቫት 15 ፐርሰንት ነው፣ ከዛ በላይ የለም፣ ቫት የሚያስከፍል ቤት ደግሞ የማሽን ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ደረሰኝ ሳይኖር ቫት ጨመርን ካሏችሁ ያ ብር መንግስት ጋ አይደርስም፣ ለምን ትከፍላላችሁ? ከማዘዛችሁ በፊት "ቫትን ጨምሮ ነው?" እና "ጭማሪ እንጀራ ይታሰባል?" በሉ፣ እነዚህን የጠየቀን ሰው ማንም አስተናጋጅ አያታልለውም፣ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ነው።

ሲስተር
የአባትሽን ነገር ሁሉም ዘሎታል። ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ዋርዱ ላይ ያሉትን ስለ ጨውና ስኳር ጠይቂያቸው፣ ግፊት ወይ ስኳር ካለው "ለስለስ ያለ" ብቻ ብሎ መሄድ አይበቃም። ሆስፒታሉ ለታካሚ የሚሰጠውን ምግብም አትመልሱ፣ ጣዕሙን ባይወደውም መሰረቱ እሱ ይሁን፣ እናንተ የምታመጡት ማሟያ ነው። ማዘሯን ስትነጋገሪ ለአንድ ሰው አልጫ ብለሽ ጨምሪ፣ ድንች አልጫ ወይ ክክ አልጫ፣ ዘይቱ አነስ ብሎ። ይሄ ለሰሪዋ ምንም አይከብዳትም፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት በትንሽ ድስት መቀነስ ነው። ጠዋት አጥሚት ከፈለጋችሁ ፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ምሳ እቃ አንድ ግዙ፣ ትኩስ ምግብ በፌስታል አታስይዙ። የተረፈውን ደግሞ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣችሁ ማታ አትስጡት፣ በተለይ ሾርባና ወተት፣ ወይ አንዳችሁ ብሉት ወይ ይደፋ።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ፣ አስታማሚ ሲታመም ሁለት ታካሚ ነው የሚሆነው። እፊታችሁ ሲንተከተክ የመጣ ተጋቢኖ ከምንም ይሻላል፣ እሳቱ ላይ ፈልቶ ነው የሚመጣው። በርካሽ ቤት ጥሬ ሰላጣና የጆግ ውሃ ተዉ፣ ታይፎይድና አሜባ የሚመጣው በዚያ ነው። ጁስም ያው ነው፣ ውሃው ከየት እንደሆነ አታውቂም፣ ተልጦ የሚበላ ሙዝ ይሻልሻል።

የቦንጋዋ
ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም፣ ገለቶማ! ዛሬ ወንድሜ ከሆስፒታሉ ራቅ ብሎ ጊቢ ውስጥ የምትሰራ አንዲት እናት አግኝቷል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አንዳንዴ ቀይ ወጥ ነው የምትሰራው፣ በሳምንት ተስማማን፣ እንጀራ እስክንጠግብ ጭማሪው ነጻ ነው። ለአባቴ አልጫውን ስጠይቃት "እሱማ በነጻ፣ ለታመመ ሰው ብር አልቀበልም" አለችኝና ዕንባዬ መጣ። ደብተር የላትም፣ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት። አሁን የቀረኝ እራት ነው፣ እሷ 12 ሰዓት ላይ ትዘጋለች፣ ወንድሜ ደግሞ ተራው የሚደርሰው ማታ 2 ሰዓት ነው፣ በዛ ሰዓት ምን ይበላል?

ኪቶ ልጅ
በጣም ደስ ይላል። ለእራት ሳትዘጋ 11 ተኩል ላይ በምሳ እቃ ቋጥራችሁ ያዙ፣ ወጡን ለብቻ እንጀራውን ለብቻ፣ አንድ ላይ ከሆነ እስከ 2 ሰዓት ይርሳል። ወይ ደግሞ ፍርፍር አሰሩ፣ ፍርፍር ቢቀዘቅዝም ይበላል። እኛ ፈተና ሰሞን ላይብረሪ ስናመሽ የምናደርገው እንደዛ ነው።

የመርካቶ ሰው
ማታ ሲመጣ ሻይ ቤት ገብቶ እንቁላል ስልስ በዳቦም ይችላል፣ ስልሱ ዘይት እንዳይበዛበት ይንገራቸው። ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ደግሞ ቆጮ ታገኛለሽ፣ የከፋ ልጅ ናፍቆሽ ይሆናል። ጥሬውን ከመግዛትሽ በፊት ግን ያቺን እናት ትጋግርልሽ እንደሆነ ጠይቂያት።