«ራን አውት» ሲለኝ ሮጬ ወጣሁ፣ ምን ማለቱ ነበር?

ሂርማታው፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንግሊዝኛ የምትችሉ እስቲ እርዱኝ። እዚሁ ጅማ ሂርማታ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፣ ትናንት ጠዋት አንድ ፈረንጅ መጣና ማኪያቶ አዘዘኝ፣ ወተት የለም ለማለት ኖ ሚልክ አልኩት፣ እሱም «ኦ፣ ዩ ራን አውት?» አለኝ፣ ራን ሮጠ፣ አውት ውጪ፣ በቃ ሮጠህ አምጣ እያለኝ ነው ብዬ ትሪዬን ጥዬ እየሮጥኩ ወጣሁ ሃሃሃ። ከጎን ካለው ሱቅ ግማሽ ሊትር ገዝቼ እያለከለክኩ ስመለስ ሰውዬው ግራ ገብቶት ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ማኪያቶውንስ ጠጣ፣ ግን ምን ነበር ያለኝ?

ቲቸር_ነበርኩ፦
ወንድሜ አሳቅከኝ። «አለቀባችሁ እንዴ?» ነው ያለህ። እኛ ጋ የሚያልቀው ወተቱ ነው፣ እኛ «ብን» ውስጥ ነው ያለነው፣ ወተት አለቀብን። እነሱ ግን ራሳቸውን ያስቀድማሉ፣ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ»። ኦፍ የምትገባው ያለቀውን ነገር ከኋላ ስትጠራው ነው፣ ወተቱን ካስቀደምክ «ዘ ሚልክ ራን አውት» ብለህ ታቆማለህ። ደሞ ሃቭ ካለ ራን አይባልም፣ «ዊ ሃቭ ረን አውት» ነው፣ ይቺን ስንቱ ባለዲግሪ ይሳሳታል።

ቡና_ብቻ፦
ምን ታካብዳላችሁ፣ ሚልክ ፊኒሽድ በለው ይገባዋል፣ እኔ ዕድሜ ልኬን በሱ ነው የኖርኩት

ኪያ፦
መግባቱንስ ይገባዋል። ግን ቃል በቃል ከፈታኸው መሮጥህ አይቀርም፣ የኛም እኮ ያው ነው፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ እንላለን፣ ዝም ያለ ሰው ደሞ ምን «አለ»? ኦሮምኛውም ጨል ጄዼ ነው፣ ጄዼ ያው «አለ» ማለት ነው። ፈረንጁም አማርኛ ቢማር ቁጭ በል ስትለው ቆሞ «ቁጭ» ይልሃል።

ሂርማታው፦
ገባኝ፣ ኑሩልኝ። ዛሬ ደሞ መብራት ሄዶ ማሽኑ ቆሟል፣ ዊ ራን አውት ኦፍ ፓወር ልበል?

ቲቸር_ነበርኩ፦
አይ፣ መብራት ሲሄድ «ዘ ፓወር ዌንት አውት» ነው። ራን አውት ስትጠቀምበት ቆይተህ ለሚያልቅብህ ነገር ነው፣ ስኳር፣ ብር፣ የስልክ ባትሪ፣ ጊዜም ጭምር። ጀነሬተር ካላችሁና ናፍጣው ካለቀ ያኔ በደንብ በላቸው።

ሂርማታው፦
ጀነሬተር የለንም፣ ጀበና ጥደናል። ዊ ራን አውት ኦፍ ከሰል እንዳንል ብቻ