ከሥዕል የተጻፈ አጭር ግጥም፦ ግጥም ነው ወይስ የሥዕል መግለጫ?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ስሆን ፋታ ካገኘሁ ስልኬ ላይ ግጥም አነባለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ አሜሪካዊው ገጣሚ ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ ስለ ኢካሩስ መውደቅ የጻፈው ነው። 21 አጫጭር መስመር፣ ነጥብ የሚባል የለውም። የድሮውን የፍላንደርስ ሰዓሊ የብሩጌልን ሥዕል አይቶ ነው የጻፈው።

ኢካሩስ በግሪክ ተረት አባቱ በላባና በሰም በሠራለት ክንፍ የበረረ ልጅ ነው። ፀሐይ ሲጠጋ ሰሙ ቀለጠና ባሕር ገባ። ብሩጌል ግን ከፊት የሳለው የሚያርስ ገበሬ ነው። ልጁን ከፈለጋችሁ፣ ከታች በቀኝ በኩል ሁለት እግር ብቻ ውሃው ላይ ታገኛላችሁ። ግጥሙም ስለ ጸደይና ስለ እርሻ ያወራና፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ይንቦራጨቃል። ማንም ልብ አላለውም። ኢካሩስ ነበር፣ ሲሰጥም።

ዊልያምስ ሐኪም ነበር፤ ማዘዣ ወረቀት ላይ ግጥም ይጽፍ ነበር ይባላል። እኛም ክፍል አንዱ አልጋ ላይ ሰው ሲሞት፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ከፔርሙስ ሻይ ይቀዳል። ክፋት አይደለም። ግጥሙ ይህን ያለ ለቅሶ ስለሚናገር ነው የወደድኩት። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ግን «የሥዕል መግለጫ ነው» አለችኝ። እናንተስ?

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦
እህቴ፣ ጎንደር ተቀምጠሽ ወርቅ የሌለው ግጥም ወደድኩ ማለት ድፍረት ነው። ሰሙስ ነበረ፤ እሱም ቀልጧል። ቀልዴን ነው። ግን ቤት የማይመታ ነገር ጆሮዬ አይቀበልም። ከጓደኛሽ ጋር ነኝ።

ሰዓሊው፦
እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው። በእኛ ወግ ዋናው ሰው መሐል ነው፣ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አስቡ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ግን ሁሉም ያያሉ። ብሩጌል ጋ እረኛው እንኳ ቀና ያለው ልጁ ወዳልወደቀበት ነው።

መግለጫ ነው በሚለው ግን አልስማማም። ግጥሙ ገና ሲጀምር «ኢካሩስ ሲወድቅ» ይልና እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እርሻው፣ ጸደዩ፣ ባሕሩ ሲወራ አንባቢውም ልጁን ይረሳል። እንደ ገበሬው ያደርገናል። መግለጫ ይህን አይሠራም።

የደንቢያው፦
ገበሬውን አትውቀሱብኝ! እርፍ የያዘ ሰው ሽቅብ ካየ ፈር ይስታል፤ ማረሻውም ድንጋይ ያገኘዋል። ሥዕሉን ለአባቴ ስልኬ ላይ አሳየሁት። ፈረሱን አይቶ «ምነው በሬ አጣ?» አለ። እግሮቹን ሳሳየው ደግሞ «ይዋኛል እንጂ» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

የአዘዞዋ፦
አባባን እግዜር ይስጥልኝ በላቸው 😂 ሰዓሊው፣ ያልከውን ነገ ለልጅቷ አስነብባታለሁ። ቤት ይምታልኝ ላልከው ወንድሜ ደግሞ፦ እንግሊዛዊው ገጣሚ አውደንም እ.ኤ.አ. በ1938 ስለዚሁ ሥዕል ግጥም ጽፏል፤ የእሱ ቤት ይመታል። ልለጥፈው?