ማስረጃ አስገብቼም “ታዲያ ይህ ምኑን ያሳያል?” ተባልኩ

ጠይቄ ልለፍ
ሰላም ለሁላችሁ። የክርክር ጽሑፍ ስጽፍ አንድ ነገር ግራ እያጋባኝ ነው። “ማታ ስልክ መጠቀም የተማሪዎችን ውጤት ይጎዳል” የሚል ሐሳብ ይዤ ተነሳሁ። ከአንድ ጥናት አሃዝ ጠቀስኩ። የስልክ ብርሃን እንቅልፍ ያዘገያል የሚል የሐኪም ንግግርም በትምህርተ ጥቅስ አስገባሁ። ምንጮቹን በደንብ አስቀምጫለሁ። አስተማሪዬ ግን ዳር ላይ “ታዲያ ይህ ምኑን ያሳያል?” ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ጥቅስ ልጨምር? ደግሞስ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳነብ ማስረጃው በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉም እኮ “ጥናቶች እንደሚያሳዩት” እያለ ነው የሚጽፈው።

ብዕረኛው
ጥቅስ አትጨምሪ እህቴ፣ ያለሽ ይበቃል። ችግሩ የት እንዳለ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሐሳብሽ ስለ ውጤት ነው፤ የሐኪሙ ንግግር ስለ እንቅልፍ ነው። ከእንቅልፍ እስከ ፈተና ውጤት ያለውን ማን ይናገር? አንቺ ነሽ። ስልኩ እንቅልፍ ካዘገየ፣ ልጁም ጠዋት በሰዓቱ መነሳት ካለበት፣ የሚተኛበት ሰዓት ያጥራል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ትኩረቱ ይቀንሳል፣ የተማረውም ቶሎ ይጠፋበታል። ይህን ካልጻፍሽ አስተማሪሽ እውነቱን ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ክርክርን ሲተነትን ይህችን ነገር ለብቻዋ ነው ያወጣት። ሐሳቡ አለ፣ መረጃው አለ፣ መረጃው ሐሳቡን ለምን እንደሚደግፍ የሚናገር ሦስተኛ ነገር አለ። ሁሌ የሚረሳው ሦስተኛው ነው፤ ለጸሐፊው ግልጽ ስለሆነ ለሁሉም ግልጽ ይመስለዋላ።

የማታ አንባቢ
ብዕረኛው ያለው ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ማስረጃ ስትመዝኚ “ሐሳቤን ይደግፋል ወይ?” ብለሽ ብቻ አትለፊ። “ሐሳቤ ስህተት ቢሆንስ ይኸው ማስረጃ ይገኝ ነበር ወይ?” ብለሽ ጠይቂ። ለዚህ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆን ስኖው የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ የሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ብዙ ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ አየር ነው የሚመጣው ይሉ ነበር። ስኖው ከውሃ ነው አለ፤ ሟቾቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ እንደሚበዙም በካርታ አሳየ። ካርታው ዝነኛ ነው፣ ግን ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም። የአየሩ ወገንም “እዚያ ሰፈር አየሩ ስለተበከለ ነው” ማለት ይችላላ።

ወሳኞቹ ከተርታው የወጡት ናቸው። ፓምፑ አጠገብ የቢራ ፋብሪካ ነበር። ሠራተኞቹ ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሱት፣ ግን አንዳቸውም በኮሌራ አልሞቱም። ቢራ ይሰጣቸው ነበር፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ የፓምፑን ውሃ አይነኩም። በሌላ በኩል ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ሴት የዚያን ፓምፕ ውሃ ስለምትወድ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። በኮሌራ ሞተች። ከአየሩ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ይታመሙ፣ እሷ ትተርፍ ነበር። ደግሞ የፓምፑ እጀታ ሲነቀል ወረርሽኙ ቆመ ብለው የሚጽፉ አሉ። ስኖው ራሱ ግን እጀታው ከመነቀሉ በፊት ወረርሽኙ እየቀነሰ እንደነበር ጽፏል። ለራሱ ሐሳብ የሚያግዘውን ነገር እንኳ አላጋነነም፤ በዚህ በጣም ነው የማከብረው።

አሁን ወደ አንቺ ጽሑፍ። ማታ ስልክ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ቢገኝ፣ ምናልባት ድሮውንም ትምህርት የከበዳቸው ወይም የተጨነቁ ልጆች ይሆናሉ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያመሹት። ያመጣሽው አሃዝ ይህንን ከዚያኛው ይለያል?

ምንጩን ክፈቱት
“ጥናቶች እንደሚያሳዩት” ለሚለው፦ ጥናቱን ክፈቺው፣ በቃ። የኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚሉ ሰዎች ሲጠቅሱት የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አለ። ያያቸው ልጆች 12 ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ራሱም ግንኙነቱን እንዳላረጋገጠ ይናገራል። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ ከ500 ሺህ በላይ ልጆችን አይቶ በክትባቱና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ ስንት ሰው አዩ፣ ከማን ጋር አነጻጸሩ፣ ሌሎች ደግመው ሲያዩት ምን አገኙ፣ ይህን ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ ጥናቱ “ሊሆን ይችላል” ያለውን ጸሐፊው “ነው” አድርጎ ያመጣዋል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አንባቢው ከፍቶ አያይም ብሎ ተማምኖ ነው የሚጽፈው።

ጠይቄ ልለፍ
ተባረኩ ሁላችሁም። ጥናቱን ከፍቼ አየሁት። ተማሪዎቹ አንዴ ብቻ መጠይቅ ሞልተው ነው፣ የስልኩንም የውጤቱንም ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። እና “ይጎዳል” የሚለውን ጭራሽ ልተወው?

ብዕረኛው
አትተዪው፣ በልኩ ጻፊው። “ማታ ስልክ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው ተናግረዋል፤ አንዱ ምክንያት የእንቅልፍ ማነስ ሊሆን ይችላል” በዪ። ቀጥለሽ የማታ አንባቢ ያነሳውን ተቃውሞ ራስሽ አንሺና መልሺለት፣ ሌላ ሰው እስኪያነሳብሽ አትጠብቂ። ማታ ስልካቸውን እንዲያስቀምጡ የተደረጉ ተማሪዎችን ከሌሎቹ ጋር ያነጻጸረ ጥናት ፈልጊ። ካገኘሽና ልዩነት ካሳየ፣ ያኔ “ይጎዳል” ለማለት አፍሽን ሞልተሽ ትናገሪያለሽ።