የፓተንት ክሌሜ (ጥበቃ የጠየቅኩበት አንቀጽ) በሁለት የቆዩ ዶክመንቶች ተበታትኖ ካለ አዲስ አይደለም ይባላል እንዴ?

ቫልቭ_ሰሪ፦
ሰላም ሰዎች። ለአንድ ቫልቭ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቼ መርማሪው ክሌም 1ን ውድቅ አደረገው። ክሌሙ ባጭሩ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭና ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ነው የሚለው። ስፕሪንጉ አንድ አሮጌ ፓተንት ላይ አለ፣ ሴንሰሩ ደሞ ሌላ ላይ፣ ያውም የመኪና ራዲያተር ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ግን የለም! ደሞ የመጀመሪያው ጊዜው ያለፈበት ነው፣ እቃውም ተሸጦ አያውቅም።

ሰነድ_አገላባጭ፦
ደብዳቤውን እስቲ ደግመህ እየው፣ "አዲስ አይደለም" ነው የሚለው ወይስ "ለባለሙያ ግልጽ ነው"? ይለያያሉ። አዲስነት የለውም ለማለት ክሌሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር አንዱ ዶክመንት ውስጥ ብቻውን መገኘት አለበት፣ አንድ ከጎደለ በዚህ አይጥሉህም። ሁለት ዶክመንት ከጠቀሰ የያዘህ በፈጠራ ብቃት (ማለትም ለባለሙያ ግልጽ ነው በሚለው) ነው ማለት ነው፣ እዛ ላይ ማጣመር ይችላል። ጊዜው ማለፉ ደሞ ምንም አያመጣም፣ ካንተ ማመልከቻ በፊት ለህዝብ ይፋ ከሆነ አለቀ፣ ባይሸጥም።

ፔዳል፦
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 የወሰነውን የኬኤስአርና ቴሌፍሌክስ የሚባሉ ኩባንያዎችን ኬዝ ፈልገህ አንብብ፣ ካንተ ጋር ቁጭ ነው። የሚስተካከል የመኪና ፔዳል ነበረ፣ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰርም ነበረ፣ ክሌሙ ሴንሰሩን ፔዳሉ የሚዞርበት የማይንቀሳቀስ ነጥብ ላይ አስቀመጠው። ፍርድ ቤቱ ይሄ ለሙያተኛ ግልጽ ነው ብሎ ጣለው። "አጣምሩ የሚል ጽሁፍ የት አለ" የሚለው ክርክር ብቻውን አያድንም፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚጠበቀውን ስራ ብቻ ከሰሩ አበቃ።

ቫልቭ_ሰሪ፦
እሺ ግን የኔ ሴንሰር እኮ ስፕሪንጉ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ቫልቩ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርገዋል፣ ያልጠበቅኩት ነገር ነው

ሰነድ_አገላባጭ፦
ታዲያ ክሌሙ ላይ የታለ? "ሴንሰር" ብቻ ብለህ ከጻፍክ የትም ያለ ሴንሰር ይመታሃል። መርማሪው የሚያነጻጽረው ክሌሙን ነው፣ ማብራሪያው ላይ የጻፍከው ክሌሙን አያጠብልህም። መጀመሪያ ባስገባኸው ማመልከቻ ውስጥ ቦታው ተገልጾ ከሆነ አሁን ወደ ክሌሙ አምጣው፣ ካልተገለጸ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድም። መንቀጥቀጡ መቅረቱን የሚያሳይ የሙከራ ውጤት ካለህ አብረህ ላከው፣ ያልተጠበቀ ውጤት ለግልጽነቱ ክርክር ጥሩ መልስ ነው።

ፔዳል፦
ቪዲዮ ምናምን ለቀህ ነበር እንዴ ከማመልከቻው በፊት? አሜሪካ የራስህን ይፋ ማውጣት 1 አመት ይታገስሃል፣ አውሮፓ ግን ባጠቃላይ የራስህ ቪዲዮም ይቆጠርብሃል።

ቫልቭ_ሰሪ፦
አይ ምንም አልለቀቅኩም። ስእል 3 ላይ ስፕሪንጉ ውስጥ ይታያል፣ ጽሁፉን ሄጄ አያለሁ።