የፓራግላይደሬ (ሰው የሚበርበት የጨርቅ ክንፍ) የኋላ ገመዶች አጥረውብኛል፤ ትሪም (የገመዶቹን ርዝመት ልክ) ያስተካከላችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነው። ፓራግላይደሩ ባለሁለት ረድፍ ገመድ ነው፣ የፊትና የኋላ፤ ሲነፋ ከራስ በላይ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይቀራል። ገመዶቹን በ5 ኪሎ ወጥሬ በሌዘር ስለካ የፊቶቹ ልክ ናቸው፤ የኋላዎቹ፣ ሽፋን የሌላቸው ዳይኒማዎች (ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ)፣ ከአምራቹ ሠንጠረዥ 18 ሚሊ ሜትር አጥረዋል፣ ግራና ቀኝ እኩል። ዳይኒማ ጭነት ሲያንሰው ይሰበሰባል፤ የድሬ ቀትር ላይ መኪና ውስጥ መተዉ ደግሞ ሳያባብሰው አልቀረም። ጨርቁ አየር አያሳልፍም፤ የአፍንጫው (የክንፉ የፊት ጠርዝ) ዘንጎችም ቀጥ እንዳሉ ናቸው፣ ሁሌም እንደ አኮርዲዮን ነው የሚታጠፈው።

ከማገናኛው ቀለበት ላይ ያለውን የኋላ ገመዶቹን ድርብ ዙር ወደ ነጠላ ላውርደው ወይስ መጀመሪያ በክብደት ጎትቼ ላስረዝም? የኋላው ሲረዝም የፍሬኑ ገመድ ልቅነት ስለሚቀንስ እሱንስ በስንት ሴንቲ ሜትር ላስረዝም? እንዲህ እንዳለ ግን አይበርም፤ ዲፕ ስቶል (ክንፉ እንደተነፋ ወደ ፊት መብረሩን ትቶ ቁልቁል መውረዱ) ቀልድ አይደለም።